የዳገቱ ማጠቃለያ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «መቀሷ» ነበር የሚሏት። መጀመሪያ ከኋላዋ ነበር የሚሉት፤ አንድ ቀን ስልክ አንሥታ ራሷ «መቀሷ ነኝ፣ ምን ልታዘዝ?» ስትል ጊዜ ስሙ ጸደቀ። ሥራዋ ማሳጠር ነው። የመንገድ፣ የውሃ፣ የሆስፒታል ግንባታ ጥናት፣ ትራስ የሚያክል ሪፖርት ጠረጴዛዋ ላይ ይከመራል፤ እሷ ከፊቱ የምትገባ አንድ ገጽ ማጠቃለያ ትጽፍለታለች። ውሳኔ የሚሰጡት ሰዎች የሚያነቡት ያቺን ገጽ ብቻ ነው። ይህንን ሁሉም ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም።

አዲስ ለሚቀጠሩት ስታስተምር ቀልደኛ ናት። «አንባቢያችሁ ተዝናንቶ የተቀመጠ እንዳይመስላችሁ» ትላቸዋለች። «ቆሟል። አንድ እጁ የበሩ እጀታ ላይ ነው፤ ሌላ ስብሰባ ይጠብቀዋል። ከአዳምና ከሔዋን አትጀምሩበት። ምን አገኛችሁ? እሱን ምን አገባው? ምን ያድርግ? እስከ መቼ? ይህን ንገሩትና ልቀቁት።» ከዚያ ቀልዱን ትተውና ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። «ሪፖርቱ ያላለውን ግን እናንተ እንዳትሉ። ይሄ ነው ወንጀሉ።»

ታላቅ ወንድሟ ጂኦሎጂስት ነበር፤ የድንጋይና የአፈር ሰው። የሚሠራው በከተማው የመሬት ጥናት ቢሮ ውስጥ ነው። ሚስት አላገባም፤ የሚኖረው ተወልዶ ባደገበት ቤት ከእናቱ ጋር ነበር። ከሥራ ሲመለስ ኪሱ ሁልጊዜ አፈር አለው። እናትየው ሱሪውን ከመዘፍዘፏ በፊት ደጅ ላይ ታራግፈውና «አንተ ልጅ፣ ዳገቱን በኪስህ አመላልሰህ ልትጨርሰው ነው እንዴ?» ትለዋለች።

ዳገቱ ሰፈራቸው ነው። ከሥሩ ወንዝ አለ፤ ከወንዙ ወደ ላይ ቤቶቹ አንዱ የአንዱን ትከሻ ይዞ ተደርድረዋል፤ በመካከላቸው ጠባብ የድንጋይ ደረጃ ይወጣል። ወንድሟ ይህን ዳገት ለዓመታት አጥንቶታል። ቱቦ ቀብሮ የከርሰ ምድሩን ውሃ ለካ፤ በየሰዉ ግድግዳ ላይ በቀለም ምልክት እያደረገ ስንጥቁ ሲሰፋ ተከታተለ። በመጨረሻ ያገኘው ነገር እንቅልፍ የሚነሣ ነበር። የላይኛው አፈር ከሥሩ ካለው አለት ላይ ቀስ እያለ እየተንሸራተተ ነው።

ሪፖርቱን ጻፈና ለከተማው ኮሚቴ አስገባ። ማጠቃለያውንም ራሱ ጻፈው። ያ ማጠቃለያ አለቱ በጥንት ዘመን እንዴት እንደ ተፈጠረ ከሚለው ተነሥቶ፣ በመለኪያዎቹ ዓይነት በኩል አልፎ፣ ዋናው ነገር ላይ የሚደርሰው ሦስተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ነበር። ኮሚቴው «ለመረጃ ያህል ይቀመጥ» ብሎ መለሰለት።

እህቱ አስቀድማ ልርዳህ ብላው ነበር።

«አንቺ ዘንድ ከመጣ ምን ይተርፈዋል?» አላት ያኔ። «አጥንቱ!»

«የሚያነቡት እኮ አጥንቱን ነው፣ ወንድምዬ።»

«እንግዲያው አጥንት ያንብቡ። የኔ ሥራ ሥጋም አለው።»

በዚህ ተኳረፉ። እሷ እናቷን ልትጠይቅ ስትመጣ እሱ ወደ ጓዳ ይገባል፤ እናትየው መሃል ላይ ቆማ «ሁለት ሽማግሌ ልጆች ወልጄ!» እያለች ትቆጣለች።

ያስታረቃቸው በሽታ ነው። መጀመሪያ እንደ ቀልድ ነበር። ገበታ ላይ ጨው ፈልጎ «ያንን... ነጩን» ይላል፤ ይስቃሉ። ቁልፉ ሲጠፋበት «መክፈቻዬን... መግቢያዬን» ይላል፤ «አረጀህ» ይሉታል። ከዚያ አንድ ጠዋት ለእህቱ ስልክ ደወለላትና ዝም አለ። የሚተነፍሰው ይሰማታል።

«ወንድምዬ? ምን ሆንክ?»

«ስምሽ» አላት። «ስምሽ ጠፋብኝ።»

ሆስፒታል ያየችው ሐኪም ወጣት ሴት ናት፤ የአንጎሉን ፎቶ መብራት ላይ ሰቅላ ብዙ አስረዳች። እህትየው ከዚያ ሁሉ የሰማችው ጥቂት ነው፤ ንግግር የሚመነጭበት የአንጎል ክፍል ላይ እባጭ በቅሏል፣ በቀዶ ጥገና የሚነካ ቦታ ላይ አይደለም፣ ቃላቱ ቀስ በቀስ ይጠፋሉ፣ የቀረው ጊዜም ረጅም አይደለም። ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ገባች።

እሱ አልጋው ላይ ተቀምጦ ሪፖርቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቃት። ከቤት ይዞት መጥቷል ለካ። ወደ እሷ ገፋላትና «ቁረጪው» አላት።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት፣ ቢሮ ከመግባቷ በፊት፣ ሆስፒታል ትሄዳለች። አልጋው መስኮት አጠገብ ነው። ወንበሯን ታስጠጋና ለሌሎች ጸሐፊዎች የምታቀርበውን ጥያቄ ትጠይቀዋለች። ምን አገኘህ? ማንን ይነካል? ምን ያድርጉ? ጤነኛ ቢሆን ኖሮ በእያንዳንዱ ጥያቄ ይጣሉ ነበር። አሁን ግን እሱ የሚታገለው ከራሱ ቃላት ጋር ነው። «ውሃ» ማለት ፈልጎ «ብርጭቆ... ከታች ያለው ብርጭቆ» ይላል። «ስንጥቅ» ለማለት ጥፍሩን ብርድ ልብሱ ላይ ይጎትታል። እሷ ትገምታለች፤ ስታገኘው ፊቱ ይበራል፤ ስትስት ጥርሱን ይነክሳል። አንዳንዴ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጠዋቱን ሙሉ ትፈጅባቸዋለች።

አንድ ጠዋት «እማዬ እየሄደች ነው» አላት።

«እማዬ? ወዴት?»

«እማዬ... ወደ ታች። ቀስ እያለች።»

«ዳገቱ ማለትህ ነው፣ ወንድምዬ። ዳገቱ እየሄደ ነው።»

የለም ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ መልሶ ደግሞ አዎ አለ። ከዚያ ከሪፖርቱ ኋላ የታጠፈውን ካርታ ዘረጋና ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አደረገ። ካርታው ላይ አደጋ ያለበት ክልል በቀይ ተከቧል። ጣቱ ያረፈው ከቀዩ መስመር ውስጥ፣ ደረጃው የሚታጠፍበት ጥግ ላይ ነው። እህቱ ያን ጥግ ታውቀዋለች። ጉልበቷ የተላጠው፣ ገመድ የዘለለችው እዚያ ነው።

«ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«ለእማዬ ነገርካት?»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አንቺ» አላት። «አሳጥረሽ... ንገሪያት።»

በማጠቃለያው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ላይ ግን አልተስማሙም። እሱ ሪፖርቱ ውስጥ የጻፈው እንዲህ ይላል፦ «ተዳፋቱ በመጪው የዝናብ ወቅት፣ ወይም ከዚያ በኋላ ከሚመጡት በአንዱ፣ የመናድ ዕድሉ ከፍተኛ ነው።» እሷ እርሳሷን መሃሉ ላይ አሳረፈች።

«ይቺ 'ወይም ከዚያ በኋላ' የምትለው ትውጣ።»

«አይሆንም።»

«ስማኝ፣ ወንድምዬ። እነዚህን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። ይቺን ክፍተት ካገኙ በእሷ ሾልከው ነው የሚያመልጡት። 'ከዚያ በኋላ ከሆነማ ከዚያ በኋላ እንነጋገርበት' ይላሉ። እንደ ገና ለመረጃ ያህል ይቀመጣል። እማዬ እዚያ ቤት ውስጥ ናት።»

«አላውቅም... የትኛው እንደሆነ።» ጣቶቹን አነሣ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። «የትኛው ዝናብ... አላውቅም።»

«ሪፖርቱ ውስጥ አለ አይደል? ዝርዝሩን የፈለገ እዚያ ያነበዋል። እኔ ያላልከውን አልጨመርኩም።»

ሌላ ቃል ፈለገ። አፉን ከፈተ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ቃሉ አልመጣም። ደጋግሞ ሞከረ። የአንገቱ ሥር ተገታተረ። በመጨረሻ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ከዚያም እጁን ሰዶ የእሷን እጅ መታ መታ አደረገው። እሺ ማለቱ ነው አለች በልቧ። ሐረጉን ሰረዘችው። ዓረፍተ ነገሩ «ተዳፋቱ በመጪው የዝናብ ወቅት የመናድ ዕድሉ ከፍተኛ ስለሆነ፣ በቀይ የተከበቡት ቤቶች ዝናቡ ከመግባቱ በፊት መነሣት አለባቸው» የሚል ሆነ። ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነበር። አንብባው ተደሰተች።

ለእናቷ ለመንገር የሄደችው በዚያው ሳምንት ነው። እናትየውን የጓዳው ግድግዳ ላይ የተከፈተውን ስንጥቅ በአሮጌ ጨርቅ ስትወትፍ አገኘቻት።

«ንፋስ ያስገባብኛል» አለች ዞር ሳትል። «ልጄ እንዴት አደረ?»

መቀሷ ቁጭ አለች። ስንቱን አለቃ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቀጥ የምታደርግ ሴት፣ ሆስፒታሉ አዲስ መሣሪያ እንዳስመጣ ጀመረች። ሐኪሟ ጎበዝ እንደሆነች አወራች። አንሶላው በየቀኑ እንደሚቀየር ሁሉ ተናገረች። እናትየው ጨርቁን ይዛ አዳመጠቻት።

«እኔን ዙሪያዬን አትዙሪኝ» አለቻት። «ልጄ ይድናል፣ አይድንም?»

«አይድንም፣ እማዬ።»

እናትየው በቀስታ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጨርቁን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አጠፈችው፤ ፈታችና እንደ ገና አጠፈችው። ከውጭ፣ ከታች ቤት፣ የጎረቤታቸው የጫማ ሰፊው መዶሻ ይሰማል።

«ሌላስ?» አለች።

«ሌላ ምን?»

«ፊትሽ ላይ ሌላ ነገር አለ። እኔ ነኝ የወለድኩሽ።»

«ቤቱን መልቀቅ አለብሽ። ዳገቱ ሊናድ ነው።»

«ማነው ያለው?»

«ወንድሜ።»

እናትየው ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ የወተፈችውን ስንጥቅ አየች። «እሱ ካለ እሺ» አለች። «ግን ልጄ ከሰው ቤት ወጥቶ አይቀበርም። አምጡልኝ። እዚህ ይረፍ፤ ከዚያ እሄዳለሁ።»

ኮሚቴው ሲሰበሰብ ወንድሟ መቆም የማይችልበት ደረጃ ደርሶ ነበር፤ የመሬት ጥናት ቢሮው ኃላፊ እህቱን ይዟት ገባ። ሰብሳቢው ሰውዬ ገጿን ቆመው አነበቡ። እንደ ወትሯቸው አላገላበጡም፤ መጀመሪያው መስመር ላይ ቆሙና መነጽራቸውን አወለቁ።

«በመጪው ዝናብ?»

«ዕድሉ ከፍተኛ ነው ይላል ጥናቱ።»

«የሚመጣው? ይሄ አሁን የሚገባው?»

መልስ ለመስጠት አፏን ስትከፍት የተሰረዘችው ሐረግ ምላሷ ላይ መጣች። ዋጠቻት። «መጪው ነው የሚለው፣ ጌታዬ» አለች።

ሰብሳቢው ፈረሙ። የተፈቀደው ነዋሪዎቹ በከተማው ዳር ባሉት አዲስ ሕንፃዎች ለመጪው የዝናብ ወቅት እንዲጠለሉ፣ ዳገቱም በጥበቃ እንዲዘጋ ነበር። እየበረረች ሆስፒታል ሄደች። ነገረችው። የቀሩት ቃላት ጥቂት ነበሩ።

«ሁሉም?» አላት።

«ሁሉም ይወጣሉ፣ ወንድምዬ።»

ዓይኑን ጨፈነ። እጇን ይዞ ተኛ።

እናትየው እንዳለችው ወደ ቤት አመጡት። በአልጋ ተሸክመው ያንን ጠባብ ደረጃ ያወጡት ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ከፊት ጫማ ሰፊው ነበር። የጫማ ሰፊው ሚስት ከእናትየው ጋር እየተፈራረቀች ታስታምመው ነበር፤ ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ ታብስለታለች። ዝናቡ ሊገባ ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር ሞተ። ሰዉ ሁሉ ሊያለቅስለት ወጣ፤ የቆመው፣ የተቀመጠው፣ ቤቱም ደጁም ሞላ። እህቱ ሰዉን ስታይ ፍርሃት ያዛት፤ ይህ ሁሉ ሰው በአንዴ የቆመበትን አፈር እያሰበች።

ከቀብሩ በኋላ የከተማው ሰዎች ነዋሪውን ሰብስበው ያቺን ገጽ አነበቡለት፤ ሰፈሩ ተነሣ። የእናትየውን ቁም ሳጥን በጀርባው ተሸክሞ ያወረደው ጫማ ሰፊው ነው። «እትዬ፣ ይሄ ምን ሞልተውበት ነው እንዲህ የከበደው?» ሲላት፣ «ዕድሜዬን» አለችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ፈገግ አሉ።

አዲሱ ሕንፃ ንጹሕ ነው፤ ውሃ አለው፤ መስኮቶቹም ሰፋፊ ናቸው። ግን ከሁሉም ነገር ይርቃል። ጫማ ሰፊው በሩ ላይ ሳጥኑን ዘርግቶ ይውላል፤ አላፊ አግዳሚ የለም። ደንበኞቹ ሁሉ ወንዙ ዳር ባለው ገበያ ቀርተዋል። ሚስቱ የጎረቤት ልብስ እያጠበች ትደጉመዋለች። ዝናቡ መጣ። ያ ዓመት ዝናቡ ከባድ ነበር፤ ሌሊትም ቀንም ዘነበ። መቀሷ ዝናብ በጣለ ቁጥር ከቢሮዋ ተነሥታ መስኮቱ ጋ ትቆማለች። ሰዉም ጆሮውን ጥሎ ጠበቀ።

ዳገቱ አልተናደም።

ዝናቡ አበቃ፤ ፀሐይ ወጣ፤ ዳገቱ ቤቶቹን እንደ ተሸከመ ቆሟል። በአሳንሰሩ በር ላይ አንዲት ሴት እናትየው እየሰማች «ያ ሟች ቀባጥሮ አፈናቀለን» አለች። እናትየው ዞር አለችና፣ «ልጄ ሲቀባጥር ሰምተሽው አታውቂም» አለቻት። «መጨረሻ ላይማ መናገርም ተስኖት ነበር።» ገብታ በሯን ዘግታ አለቀሰች።

የጥበቃው ፈቃድ ለዚያ የዝናብ ወቅት ብቻ ስለነበረ ጠባቂዎቹ ተነሡ። ዳገቱ የታጠረበት ሽቦ ተቆረጠ። መጀመሪያ አንድ ቤተሰብ ተመለሰ፤ ከዚያ ሌላ። ጫማ ሰፊውና ሚስቱ እናትየውን ሊሰናበቱ መጡ።

«አትሂዱ» አለች መቀሷ። «አደጋው አላለፈም።»

«ወረቀቱ ላይ 'በመጪው ዝናብ' አይደል የሚለው? መጣ፤ ሄደ።»

«ሪፖርቱ ውስጥ ከዚያ በኋላ ያሉትንም ይላል። ወንድሜ ጽፎታል።»

ጫማ ሰፊው ሳቀ። በክፋት አልነበረም። «እህቴ፣ ሰብስባችሁ ያነበባችሁልን ያቺን አንድ ገጽ ነው። አሁን ደግሞ ሌላ ገጽ አለ ትይኛለሽ?»

ሚስቱ የእናትየውን ጉንጭ ሳመችና «አይዞዎት፣ እትዬ፤ ቤትዎን እየጠረግኩ እጠብቅልዎታለሁ» አለች። ሄዱ።

መቀሷ በዚያው ቀን ቁጭ ብላ አዲስ ገጽ ጻፈች። የወንድሟን ዓረፍተ ነገር ሙሉውን፣ እንደ ጻፈው፣ መጀመሪያው መስመር ላይ አስቀመጠችው። ለኮሚቴው ላከች። መልስ ሲዘገይ ራሷ ሄደች። ሰብሳቢው ወንበር ሰጧት፤ በትሕትና ነው ያናገሯት።

«አምና 'መጪው' አላችሁን። ከተማው ያንን ሁሉ ሰው አነሣ። አሁን ደግሞ 'ወይም ከዚያ በኋላ' ትሉናላችሁ። የቱን እንመን?»

«ሁለተኛው ነው እውነቱ። የመጀመሪያው ላይ እኔ ነኝ የቀነስኩት።»

«ለምን?»

«እንዲያነቡት ብዬ» አለች።

ሰብሳቢው አዲሱን ገጽ ወደ ራሳቸው ሳቡት። ለሚቀጥለው ስብሰባ አስይዘዋለሁ አሉ። ስብሰባው ተራዘመ፤ እንደ ገናም ተራዘመ። እሷ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳገቱን እየወጣች በየበሩ ተማጸነች። አንዳንዱ ሰምቶ ወጣ። አብዛኛው ሻይ ጋበዛት፤ ለወንድሟ ነፍስ ይማር አላት፤ አልወጣም።

ሁለተኛው ዝናብ ከአምናው ቀለል ያለ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ካፊያ ብቻ እያለ፣ ዳገቱ ሄደ። ድምፁን ሰምተው ከገበያ የሮጡት ሰዎች ሲደርሱ ደረጃው የሚታጠፍበት ጥግ አልነበረም። የእናትየው ቤት፣ ከሥሩ ያለው የጫማ ሰፊው ቤት፣ ሌሎችም፣ ወንዙ ውስጥ ገብተዋል። ጫማ ሰፊው ሶል ሊገዛ ገበያ ወርዶ ነበር። ሚስቱ ቤት ነበረች።

መቀሷ ወሬውን ቢሮ ነው የሰማችው። ባልደረቦቿ «ወንድምሽ እውነቱን ነበር» አሏት፤ አንዱ ሊያቅፋት መጣ። ገፋችው። ቤት ስትደርስ እናቷ ሰምታ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ ተንበርክካ ስለዚያች ሐረግ ነገረቻት፤ ወንድሟ አይሆንም እንዳላት፣ ቃል ፈልጎ እንዳጣ፣ እጇን ሲመታ እሺ ነው ብላ እንደ ወሰደችው። ዙሪያውን አልዞረችም።

እናትየው እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ልጅቱ ጭኗ ላይ ልትደፋ ስትል እጇን አንሥታ ከለከለቻት። እስኪመሽ ድረስ እንደዚያው ተቀምጠው ቆዩ። ሲመሽ እናትየው ተነሥታ ነጠላዋን ፈለገች።

«እሺ ብሎሽ ይሆናል» አለች። «ልጄን አውቀዋለሁ። ሲሸነፍም እንደዚያ እጅ ይመታል። የትኛው እንደነበር አሁን ማን ይነግረናል?» ነጠላዋን እየተከናነበች፣ «ነገ ሰውየውን ሄደን እናየዋለን» አለች።

ጫማ ሰፊው ከታላቅ ወንድሙ ቤት ተጠግቷል። ጓሮ ያለች ክፍል ውስጥ፣ ፍራሽ ላይ፣ ጫማ ሳያወልቅ ተቀምጦ ነበር። እናትየው አጠገቡ ሄዳ ራሱን ደረቷ ላይ ያዘችው፤ ሁለቱም አለቀሱ። መቀሷ በሩ ላይ ቆማለች። ልቅሶው ሲበርድ ቀና ብሎ አያት።

«ሌላ ገጽ አለ ብለሽኝ ነበር» አላት።

«አዎ።»

«ወንድምሽ ምን ነበር ያለው? እስቲ እንዳለው ንገሪኝ።»

ነገረችው። ሙሉውን፣ ከነሐረጉ፣ ቃል ሳታስቀር። ከዚያ ማን እንዳወጣው ነገረችው። ለምን እንዳወጣችው ግን ልትናገር ጀምራ ተወችው።

ጫማ ሰፊው አንገቱን ደፋ። «ብሰማውስ እመለስ ነበር ይሆናል» አለ ለራሱ እንደሚናገር። «ሥራ አልነበረኝም። ቤቴ ነው።» ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «ይሆናል ነው ያልኩት። እሷ ግን ፈሪ ነበረች። እሷ ብትሰማው አትመለስም ነበር።» እጁን ወደ በሩ ዘረጋ። «ውጪልኝ፣ እህቴ። እትዬ ይቀመጡ። አንቺ ውጪልኝ።»

ወጣች። አጥሩ ሥር ቆማ ጠበቀች። እናቷ ስትወጣ የሰውየውን ቆሻሻ ልብስ በጨርቅ ቋጥራ በክንዷ ይዛለች።

«ምን አለ?»

«ምንም። ልብሱን ስወስድ ግን አልከለከለኝም።»

ከዚያ ወዲህ እናትየው በየሳምንቱ ትሄዳለች፤ የታጠበውን አድርሳ የቆሸሸውን ትቀበላለች፤ ምግብ ታደርስለታለች፤ ስለ ሚስቱ ሲያወራ ታዳምጠዋለች። አውቶቡስ ላይ ብቻዋን መውጣት ስለማትችል ልጅቱ አብራት ትሄዳለች፤ ከአጥሩ በር ግን አታልፍም። ፀሐይም ይሁን ካፊያ እዚያው ቆማ ትጠብቃለች።

ኮሚቴው የቀረውን ዳገት ለዘለቄታው ዘጋው። መሥሪያ ቤቷ ጥናቱ እውነት ወጣ ብሎ ማዕረግ ሊጨምርላት አስቦ ነበር፤ አልተቀበለችም፤ ግን ሥራዋን አልለቀቀችም። ገጾቿ እንደ ድሮው አጫጭር ናቸው። ልዩነቱ፣ ጸሐፊው «ይቺ አትውጣ» ካላት፣ እርሳሷን ታስቀምጥና ለምን እንደሆነ ተናግሮ እስኪጨርስ ትጠብቀዋለች፤ የሚንተባተብ ከሆነ ደግሞ ነገ ተመለስ ትለዋለች።

አንድ ቀን፣ እናቷ ውስጥ ገብታ ስትዘገይ፣ የአጥሩ በር ተከፈተ። ጫማ ሰፊው ነው። ከስቷል፤ ፂሙ አድጓል። በእጁ የሚሠራበትን በርጩማ ይዟል። አጠገቧ አስቀመጠው፤ እንዳይወዛወዝ በእግሩ ድንጋይ ገፍቶ አስደገፈው። አላያትም። ተመልሶ ገባ። እሷም ትንሽ ቆየችና ተቀመጠች።